የላይብረሪ ትምህርት ለማስተርስ ተማሪ፦ የአንድ ቀን ገለጻ፣ ኮርስ ወይስ አንድ ለአንድ?

አምና አንድ የታሪክ ማስተርስ ተማሪ ወደ ጠረጴዛዬ መጣ። መንዝ ውስጥ የሚያስተምር ጎበዝ ልጅ ነው።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ግራ ገብቶኛል» አለኝ። «የአድዋን ጦርነት ቀን እንግሊዝኛው መጽሐፍ ማርች 1 ይላል። ከሩስያኛ የተተረጎመው ጽሑፍ ፌብሩዋሪ 18 ይላል። እኛ ደግሞ የካቲት 23 እንላለን። ማን ነው የተሳሳተው?»

ማንም አልተሳሳተም። ሩስያ እስከ 1918 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ድረስ የምትቆጥረው በአሮጌው የጁልያን ካሌንደር ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያ ካሌንደር ከምዕራቡ 12 ቀን ወደ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ አንዱ ቀን ሦስት ስም አለው።

ጥያቄው ደስ አሰኘኝ። ቆይቶ ግን አናደደኝ። ይህ ልጅ ጥቅምት ላይ የላይብረሪ ገለጻ ወስዷል፤ የሰጠሁትም እኔው ነኝ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ካታሎግ፣ ስለ ዳታቤዝ፣ ስለ ሪፈረንስ አጻጻፍ ለፍልፌያለሁ። ስለ ካሌንደር ትንፍሽ አላልኩም። ብልም ኖሮ የሚሰማኝ አልነበረም። ያኔ ገና ጥያቄ አልያዘም ነበርና።

ከዚያ ወዲህ የማስተማሪያ መንገድ ስመርጥ መጀመሪያ የማየው ተማሪው በእጁ ጥያቄ ይዟል ወይስ አልያዘም የሚለውን ነው። ይህን የምጽፈው እንደኔ ላይብረሪ ውስጥ ለሚሠሩ፣ የምርምር ዘዴ ለሚያስተምሩ መምህራንና ለዲፓርትመንት ኃላፊዎች ነው። በተለይ እዚህ ደብረ ብርሃንና አካባቢው ላሉ። ሰውም ኮምፒውተርም ጊዜም እጥረት እንዳለብን እናውቃለን፤ ሁሉንም ማድረግ አንችልም። መምረጥ ግድ ነው።

ሩስያኛ እዚህ ምን አመጣው?

ምኒልክ የተወለዱት እዚሁ አንጎለላ ነው፣ በ1836 ዓ.ም.። ከአድዋ በኋላ ከሩስያ ቀይ መስቀል ጋር አሌክሳንደር ቡላቶቪች የሚባል መኮንን መጣ። በኋላ ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ጋር ከፋን አልፎ እስከ ሩዶልፍ ሐይቅ (ዛሬ ቱርካና የሚባለው) ተጉዟል። ያየውንም ጽፎ በ1900 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። ቦሪስ ቱራየቭ የሚባለው ሩስያዊ ምሁር ደግሞ የኢትዮጵያ ቅዱሳንን ገድል እንደ ታሪክ ምንጭ አጥንቷል። የሸዋን ታሪክ ወይም የግዕዝ ሥነ ጽሑፍን የሚያጠና ተማሪ ዛሬም ነገም ከእነዚህ ስሞች ጋር መገናኘቱ አይቀርም።

ሌላም ምክንያት አለኝ። የስላቭ ጥናት ማለት የሩስያ፣ የፖላንድ፣ የቼክ፣ የሰርቢያ፣ የቡልጋሪያና የመሰል ሕዝቦች ቋንቋና ባህል የሚጠናበት ሙያ ነው። አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ በዚህ ሙያ የሚሠሩ ላይብረሪያኖች ችግራቸው የእኛኑ ነው። የተለየ ፊደል፣ የተለየ ካሌንደር፣ ፈረንጅ የሚያዛባው የስም አሰያየም፣ አገር ተሻግሮ የተበተነ መጽሐፍ። በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ክረምት ክረምት እየመጡ ላይብረሪው ውስጥ የሚሠሩበት ፕሮግራም ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ጥያቄ ለሚልኩ ተመራማሪዎች መልስ የሚሰጥ የስላቭ ክፍልም አላቸው። አቅማችን ከእነሱ ጋር አይወዳደርም፤ ዘዴያቸውን ግን መቅዳት ይቻላል።

የአንድ ቀን ገለጻ

ርካሽ ነው። አዳራሽ፣ ፕሮጀክተርና አንድ የሚናገር ሰው ይበቃል። ዲፓርትመንቶች የሚወዱትም ለዚህ ነው፤ «ሰጥተናል» ብሎ ሪፖርት ለመጻፍ ይመቻል።

ተማሪው ግን ያልተራበውን ነው የምታጎርሱት። መስከረምና ጥቅምት ላይ የሚያስጨንቀው ምዝገባ፣ ቤት ኪራይና የመጀመሪያው አሳይመንት ነው። ለላይብረሪ ካርድ ማውጣት፣ የመክፈቻ ሰዓት፣ የይለፍ ቃል አሰጣጥ ገለጻ በቂ ነው። ለነዚህ ብቻ አድርጉትና በ40 ደቂቃ ጨርሱ። ምርምር ግን በዚህ መንገድ አይማሩም። እኔ ለዓመታት ሞክሬዋለሁ፤ አልሆነም።

ሙሉ ኮርስ

ሲያዩት ያስቀናል። ሴሚስተር ሙሉ፣ ክሬዲት ያለው፣ ፈተና ያለው። የስላቭ ጥናት ዶክትሬት ለሚሠራ ሰው ተገቢ ነው እላለሁ። ያ ሰው ቀጣዮቹን ዓመታት ሴንት ፒተርስበርግ፣ ዋርሶ ወይም ሄልሲንኪ ቤተ መዛግብት ውስጥ ነው የሚያሳልፈው። ሄልሲንኪን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ፊንላንድ በሩስያ ግዛት ሥር በነበረችበት ዘመን፣ ከ1828 እስከ 1917 እ.ኤ.አ.፣ በግዛቱ ከሚታተመው ሁሉ ቅጂ ለሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ላይብረሪ ይላክ ነበር። ይህን ማወቅ ለሩስያ ተመራማሪ ወርቅ ነው። እንዲህ ያለ እውቀት ተሰብስቦ ሲሰጥ ኮርስ ይሞላል።

ለሁለት ዓመት ማስተርስ ግን አይመስለኝም። ሥርዓተ ትምህርት ማስጸደቅ አለ። ማን ያስተምረዋል የሚል ክርክር አለ። ከዚያ መብራቱ አለ። በፊት በነበርኩበት አንድ ቦታ ባለ ሁለት ክሬዲት ኮርስ ተከፍቶ ነበር። ሦስተኛው ሳምንት ላይ መብራት ጠፋ። አራተኛው ላይ የኮምፒውተር ክፍሉ ለሌላ ፈተና ተያዘ። ከዚያ በኋላ ሰርች ማድረግን በሃንድአውት ነው ያስተማርነው። ዋና ያለ ውኃ ማለት ነው።

ዲፓርትመንታችሁ የዶክትሬት ፕሮግራም ካለው፣ ወይም ብዙ ተማሪ በጥንታዊ ጽሑፍ ላይ የሚሠራ ከሆነ አስቡበት። አለዚያ እለፉት።

ሌላ ኮርስ ውስጥ ገብቶ ማስተማር

እኔ የምመርጠው ይህን ነው። የምርምር ዘዴ ኮርስ በሁሉም ዲፓርትመንት አለ። መምህሩን አግባብቶ ሦስት ክፍለ ጊዜ መውሰድ ይቻላል። በተከታታይ ግን አይሁን። አንዱ ርዕስ ከመምረጣቸው በፊት፣ ሁለተኛው ፕሮፖዛል ሲጽፉ፣ ሦስተኛው የቀደሙ ጥናቶችን ምዕራፍ ሲጀምሩ። በዚህ መሃል ጥያቄ ይወለዳል።

ሁለት ነገር ካልተሟላ አይሠራም። አንደኛ፣ ማርክ ይኑረው። ከ100 አሥር ማርክ ብትሆን እንኳ ትበቃለች። ማርክ የሌለውን አሳይመንት የሚሠራ ተማሪ አላየሁም፤ እኔም ተማሪ ሳለሁ አልሠራም ነበር። ሁለተኛ፣ መምህሩ ክፍሉ ውስጥ ይቀመጥ። ላይብረሪያን ሲመጣ መምህሩ ቡና ሊጠጣ ከወጣ ተማሪው ቀልድ ነው ብሎ ይደመድማል። መምህሩ ሲኖር ደግሞ ርዕሱን እሱ ያውቃል፣ መንገዱን እኔ አውቃለሁ። እየተቀባበልን እንሄዳለን።

ችግሩ በመምህሩ መልካም ፈቃድ ላይ መንጠልጠሉ ነው። መምህሩ ሲቀየር ከዜሮ መጀመር አለ።

ታዲያ በሦስቱ ክፍለ ጊዜ ምን ይሰጥ?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የዳታቤዝ ስም መደርደር ይጀምራል። እኔ ከስም፣ ከፊደልና ከካሌንደር እጀምራለሁ። ካሌንደሩን ከላይ አንስቼዋለሁ።

ስም። ኢትዮጵያዊ በራሱ ስም ነው የሚጠራው፤ ሁለተኛው የአባቱ ነው። የውጭ ዳታቤዝ ግን የአባትን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ያስቀድመዋል። ስለዚህ የታሪክ ምሁሩን ባሕሩ ዘውዴን አንዱ ካታሎግ «ባሕሩ» ሥር፣ ሌላው «ዘውዴ» ሥር ያስቀምጣቸዋል። ተማሪው በአንዱ ፈልጎ ሲያጣ «የለም» ይላል። ሩስያኛው ደግሞ ሌላ ነው። አሌክሳንደር ክሳቬርየቪች ቡላቶቪች ሲባል መሃሉ የአባት ስም ነው፣ የክሳቬሪ ልጅ እንደማለት። የቤተሰቡ ስም መጨረሻው ነው። የእኛ ልጆች ሁለተኛውን ስም የአባት ማለት ለምደዋልና ይህንን ቶሎ ይረዱታል። ሲፈልጉ ግን በመጨረሻው ነው መፈለግ ያለባቸው። አንድ ሰሌዳ ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን ጻፉላቸው፤ በአምስት ደቂቃ ይገባቸዋል።

ፊደል። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል በስንት ዓይነት መጻፍ ይቻላል ብላችሁ ጠይቁ። ሁለት ጸ/ፀ አለ። «ሀ» ተብለው የሚነበቡ ስድስት ፊደላት አሉ፦ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ። ሁለት ጊዜ ስድስት አሥራ ሁለት። ካታሎጉ ሞክሼዎቹን አንድ አድርጎ እንዲያነብ ካልተሠራ በአንዱ የጻፈ አሥራ አንዱን ያጣል። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ይስቃሉ። ቀጥለው የራሳቸውን ርዕስ ሲሞክሩ ዝም ይላሉ።

ሩስያኛም ከ1918 እ.ኤ.አ. በፊትና በኋላ የአጻጻፍ ሥርዓቱ ተለውጧል። አንዳንድ ፊደላት ወጥተዋል፤ በቃል መጨረሻ ላይ የሚጻፍ ድምፅ አልባ ፊደልም ቀርቷል። የቡላቶቪች መጽሐፍ የታተመው በአሮጌው አጻጻፍ ነው። ርዕሱን በዛሬው ሩስያኛ ብቻ የፈለገ ሰው የድሮውን መዝገብ ሊያጣው ይችላል። ቱራየቭም በላቲን ፊደል ሲጻፍ እንደ አገሩ ይለያያል፤ ጀርመኑ በአንድ፣ ፈረንሳዩ በሌላ። «ሥ» እና «ስ» ያስቸገረው ተማሪ ይህን ለመረዳት ሩስያኛ ማወቅ አያስፈልገውም።

የኛው አገር ስምም አለ። ሸዋን የዛሬ ጽሑፎች በእንግሊዝኛ በአንድ መንገድ ይጽፉታል። የ1840ዎቹ እንግሊዝ ተጓዦች መጨረሻውን በኦ እና በኤ ነበር የሚጽፉት። ፈረንሳዮቹ ደግሞ መጀመሪያውን ከእንግሊዝኛው ኤስ በሲ ለውጠውታል። የራሱን ቀዬ የሚያጠና የሰሜን ሸዋ ልጅ ቀዬውን በሦስት አጻጻፍ ካልፈለገ የሸዋውን ንጉሥ የሣህለ ሥላሴን ዘመን ግማሽ ምንጭ ያጣዋል።

እነዚህን ከያዙ በኋላ ዳታቤዝ ይምጣ። ጄስቶር በግል አካውንት በወር እስከ መቶ ጽሑፍ በነፃ ማንበብ ይፈቅዳል፤ ከ1963 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚወጣው የኢትዮጵያ ጥናት ጆርናልም እዚያ ይገኛል። ለታዳጊ አገሮች ተቋማት ጆርናሎችን የሚከፍተው ሪሰርችፎርላይፍ በተቋም በኩል ነው፤ የይለፍ ቃሉን ላይብረሪያኑን ጠይቁ። ሩስያኛ ጽሑፍ ለሚፈልግ ሳይበርሌኒንካ ነፃ ነው። በማሽን ሲያስተረጉሙ ወደ እንግሊዝኛ ያድርጉት፤ በእኔ ልምድ ወደ አማርኛው ሲሆን ብዙ ይደነባበራል።

በነካ እጄ፣ ከቻትጂፒቲ የተቀበሉትን ሪፈረንስ ይዘው የሚመጡ በዝተዋል። የደራሲው ስም አለ፣ ዓመቱ አለ፣ ገጹ ሳይቀር አለ። መጽሐፉ ግን የለም። «ካታሎግ ላይ አሳየኝ» የምትለዋ አንዲት ጥያቄ ይህን ታጣራለች።

አንድ ለአንድ

ከሁሉ የሚጥመው ይህ ነው። ከሁሉ የሚያደክመውም ይህ ነው።

አንዲት ተማሪ «ስለ አንኮበር መጽሐፍ አለ?» ብላ መጣች። ቀጥታ መልሱ «አለ» ነው፤ ሁለት ሦስት መጽሐፍ ሰጥቶ መሸኘት ይቻላል። ቁጭ ብለን ስናወራ ግን የምትፈልገው አንኮበርን አልነበረም። ከሥሩ ያለውን የአልዩ አምባን ገበያ ነው፤ ጨው እንዴት ይሸጥ እንደነበር። ያ ሌላ ፍለጋ ነው። ሃሪስ የሚባለው እንግሊዝ በ1841 እ.ኤ.አ. መልእክተኛ ሆኖ ወደ ሣህለ ሥላሴ መጥቶ ያየውን በ1844 በሦስት ቅጽ አሳትሟል። የቅጂ መብቱ ያለፈ ስለሆነ በነፃ ይወርዳል። እሷ ሲጀመር «ተጓዦች» የሚለው ሐሳብ አልመጣላትም ነበር። በ20 ደቂቃ ውስጥ ጥያቄዋ ተለወጠ።

ይህን በአዳራሽ ማድረግ አይቻልም። ግን አስሉት። 20 ተማሪ፣ ለእያንዳንዱ ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው 45 ደቂቃ፤ 45 ሰዓት ነው። ሌላ ሥራ ለሌለው ሰው ቀላል። መጽሐፍ እያዋሰ፣ ኮምፒውተር እየጠገነ፣ የሰርኩሌሽን ወረፋ እያስተናገደ ለሚሠራ አንድ ሰው ግን ራስ ምታት ነው። ስለዚህ ለሁሉም አታድርጉት። ፕሮፖዛላቸው ለተመለሰባቸውና በሌላ ቋንቋ ምንጭ ለሚያስፈልጋቸው ብቻ ሳምንት በሳምንት ሁለት ከሰዓት ያዙ። ሰዓቱን በር ላይ ለጥፉ። ቀጠሮ ሳይዝ የሚመጣውንም አትመልሱ፤ ከመሀል ሜዳ ተሳፍሮ መጥቶ ሊሆን ይችላል።

ቪዲዮና ቴሌግራም

አጭር ነው የምለው። ቪዲዮ ዳታ ይበላል። ድረ ገጹ መልኩን ሲቀይር ቪዲዮው ያረጃል። ባለ ሁለት ገጽ ፒዲኤፍ በቴሌግራም ግሩፕ መላክ ይሻላል፤ ይታተማል፣ ይታረማል፣ መብራት ሲጠፋም ይነበባል። ለትምህርቱ ድጋፍ ይሁን እንጂ ምትክ አይሁን።

ለማን የቱ?

መደበኛ ተማሪ ካላችሁ ሦስቱን ክፍለ ጊዜ በምርምር ዘዴ ኮርስ ውስጥ አስገቡ፣ ለተቸገሩት አንድ ለአንድ ጨምሩ።

የቅዳሜና እሁድ ተማሪ ሌላ ነው። ሥራ ውሎ፣ ደክሞ ነው የሚመጣው። ሦስት ጊዜ አይመችም። አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ፕሮፖዛላቸው በእጃቸው እያለ፣ ሦስት ሰዓት ያዙ፤ የቀረውን በቴሌግራም ጥያቄና መልስ ጨርሱት።

የክረምት ተማሪ ግን ከባድ ነው። አብዛኛው አስተማሪ ነው፣ ጊዜው ጥቂት ሳምንት ነው፣ ከዚያ እስከ ቀጣዩ ክረምት አታገኙትም። የደብረ ብርሃን የሐምሌ ብርድም አለ፤ ከሰዓት በኋላ ብርድ ልብስ እንጂ ላይብረሪ የሚያምረው የለም። ለእነሱ የመጀመሪያውን ክረምት ለርዕስ ፍለጋ ብቻ አውሉት። ወደየመጡበት ሲመለሱ የሚያወርዱትን ፋይል በፍላሽ ስጧቸው። ሁለተኛው ክረምት ላይ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ፤ አንድ ለአንዱ ያኔ ነው።

አዲስ አበባ መውሰድ ወይስ ከስክሪን?

አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ናት፤ ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ይሆናል። ስድስት ኪሎ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምና ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ሁለቱም ሊታዩ ይገባል። ነገር ግን 20 ሰው ይዞ መሄድና ምርምር ማድረግ ለየቅል ናቸው። በጋራ መሄዱ ለማየት ነው፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ለብቻው ይመለስ።

ስለ ብራና መጻሕፍት ግን መጀመሪያ ስክሪኑ ይቅደም። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኢትዮጵያ ብራናዎች በማይክሮፊልም ሲነሱ ከሸዋ አድባራትና ገዳማት የተነሱ ብዙ አሉበት። ቅጂያቸው ሚኒሶታ ባለው በሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት ይገኛል፤ በነፃ ተመዝግቦ በኢንተርኔት የሚነበብ አለው። ሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ያለው «ቤተ መጻሕፍት» የሚባለው ፕሮጀክትም ዝርዝሩን ያሳያል። አንድ ተማሪ የደብሩን አስተዳዳሪ «መጽሐፉን አውጡልኝ» ብሎ ከማስቸገሩ በፊት ፎቶው ስክሪን ላይ አለ ወይ ብሎ ይይ። ካለ ደጅ ጥናቱ ቀረለት። ከሌለም ቁጥሩንና ስሙን ይዞ ሲሄድ አባቶች በሌላ ዓይን ነው የሚያዩት።

አዲስ አበባ የምትልኩት ተማሪ የድጋፍ ደብዳቤ ይያዝ። ደብዳቤው ላይ የጥናቱ ርዕስ፣ የሚፈልገው የምንጭ ዓይነትና የቆይታ ቀኑ ይጻፍ። «ትብብር ይደረግለት» ብቻ የሚል ደብዳቤ በር ላይ ብዙ ያስቆማል። ማኅተሙ ሐሙስ ይመታ፤ ዓርብ ከሰዓት ፈራሚው አይገኝም።